ቀባሪውና የጋሼ መታሰቢያ

ቀባሪው ነው የምንለው። ከኋላው ብቻ አይደለም፣ ፊት ለፊትም። መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ራሱ ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ቀባሪው ነኝ» ማለት ጀመረ። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አካፋ ይዞ አፈር የሚመልስ እንዳይመስላችሁ። ቴሌቪዥን ጣቢያችን ውስጥ ኤዲተር ነው። ተዋናይ ወይም ዳይሬክተር በሞተበት ቀን፣ ከማታው ዜና በኋላ የሚታየውን መታሰቢያ የሚሠራው እሱ ነው። ሟቹ በጎረምሳነቱ ሲስቅ፣ ሲያፈቅር፣ በጥፊ ሲመታ፣ ጣሪያ ላይ ሲሮጥ የታየበትን ሁሉ እየቆራረጠ ይቀጣጥላል፤ ከሥሩ ሙዚቃ ያነጥፋል፤ ከላይ እኔ በድምፄ አነብበታለሁ። እሱ ይቀብራል፣ እኔ አለቅሳለሁ። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በሁለት ወንበርና በአንድ ማራገቢያ ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰው ሳይታሰብ ይሞታል፤ ቴሌቪዥን ግን ሳይታሰብ አይሠራም። የድሮ ፊልሞቻችን ግቢው ጫፍ ያለ መጋዘን ውስጥ ናቸው። ግማሹ ካሴት በተጻፈበት ስም አይገኝም፣ የተገኘውን የሚያጫውተው ማሽን ደግሞ ሳይሞቅ አይነሳም። ያንን ሁሉ ፈልጎ፣ አይቶ፣ ቆርጦ በአንድ ከሰዓት ማድረስ የሚችል ፍጡር አልተፈጠረም። ስለዚህ የቤቱ ደንብ ግልጽ ነው። እገሌ በጠና ታመመ ከተባለ ቀባሪው ሥራውን ይጀምራል። ሰውየው በሕይወት እያለ ማለቴ ነው። ከዳነ እሰየው፣ የተሠራው ይቀመጣል። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ብቻ በአደባባይ አይወራም።

የኛ ሰውዬ ችግሩ ሆደ ቡቡ መሆኑ ነው። የሰውን ሞት እያዘጋጀ ቤቱ ገብቶ መተኛት አይሆንለትም። ብርቱካን ይገዛና ሊጠይቃቸው ይሄዳል። አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ይላል፣ ትራሳቸውን ያስተካክላል፣ እግረ መንገዱንም «የመጀመሪያ ፊልምዎ የትኛው ነበር?» «ያኔ የተነሱት ፎቶ አለዎት?» ይላል። ከልቡ አዝኖ ነው የሚጠይቃቸው፤ ለሥራውም ነው የሚጠይቃቸው። የቱ ይበልጥ እንደሆነ እሱም አያውቀው። ለዚህ ነው ከሆስፒታል በወጣ ቁጥር የሰው ዕቃ እንደያዘ ሌባ አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው።

በፊልም ሁሉ እናት እየሆኑ የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ተዋናይት አሉን። «የሁሉም እናት» እንላቸዋለን፣ ያልወለዱት ተዋናይ የለም። ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡና ቀባሪው እኔን ጎትቶ ሊጠይቃቸው ሄደ። ገና በሩ ላይ ሲያዩት ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«ውይ! መጣህ? ሐኪሙ እኮ ነገ ትወጫለሽ ብሎኛል! አንተ ምን ሰማህ?»

«ኧረ ምንም አልሰማሁም እናቴ፣ እንዲያው ልጠይቅዎት ነው።»

«አንተ እንዲያው አትጠይቅም! ብርቱካኑን እዚያ አስቀምጥና ውጣ። አልቃሿንም ይዟት መጥቷል እንዴ! የቀራችሁ ሬሳው ነው፣ እሱን ከእኔ አታገኙም፣ በሉ ዞር በሉ!»

ነርሷ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እሳቸውም በሳምንቱ ድነው ወጡ፣ ዛሬም የሰው ልጅ ይድራሉ፣ የሰው ልጅ ይቀጣሉ። እሱ ግን ደረጃውን ስንወርድ ፊቱ ጠቁሯል።

«ምን ያስኮርፍሃል? ቀለዱብህ እንጂ ሌላ ምን አሉ?» አልኩት።

«ጨርሼዋለሁ እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«የእሳቸውን። ማክሰኞ ጨረስኩት። አምስት ደቂቃ ሆኗል፣ በጣም ያምራል።»

በያዝኩት ቦርሳ ጀርባውን አልኩት። ምን ላድርግ? ሥራው መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ብርቱካን ይዞ መሄዱስ!

ከዚያ በኋላ ነው አንድ የታወቀ ኮሜዲያን የሞተው። ቀባሪው መታሰቢያውን ከሰዓት ጨርሶ ኮምፒዩተሩን ሲዘጋ ሰውየው ለስድስት ወር ይቆያል እየተባለ ነበር፤ ማታውን ሞተ። ከእሱ በፊት ደግሞ አንዲት የቲያትር ሴት እንዲሁ ሆናለች። ሰው ሲታመም ይሞታል፣ ተአምር የለውም። እሱ ግን እጁን እያገላበጠ ማየት ጀመረ።

«እጄ ላይ አንድ ነገር አለ» ይለኛል።

«እጅህ ላይ ያለው የዳቦ ፍርፋሪ ነው፣ ኪቦርዱን አታቆሽሽ» እለዋለሁ።

ቀልዴ አልያዘለትም። የሚሠራላቸውን ሰዎች ስም ሲጽፍ እንኳ ጣቱ ይዘገይ ጀመር። በዚህ መሀል ነው ጋሼ የታመሙት።

ጋሼ ዳይሬክተር ናቸው። ከዚህ ቤት ወጥቶ ተመልካች ልብ ውስጥ የገባ ድራማ ካለ ግማሹ የእሳቸው እጅ አለበት። ቀባሪውን ሰው ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። ልጅ ሆኖ ቀረጻ ቦታ ላይ መብራት ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን ጋሼ «ቀጥሉ!» ሲሉ ከመብራቱ ሥር ሆኖ «ቅድም የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ ነበር፣ አሁን ተከፍቷል» አለ። ተዋናዩ ተናደደ፣ ካሜራ ማኑ ሳቀ። ጋሼ መጥተው ሸሚዙን አዩና «አንተ ከነገ ጀምሮ መብራት አትሸከምም» አሉት። የተባረረ መስሎት ሲያለቅስ፣ እሳቸው እጁን ይዘው ኤዲቲንግ ክፍል ወስደው አስቀመጡት። ቤት እስኪያገኝ ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ተኛ። እትዬ፣ ማለት የጋሼ ባለቤት፣ ከአንድ ልጃቸው ለይተው አላዩትም፤ ሸሚዙን ከልጃቸው ሸሚዝ ጋር ነበር የሚያጥቡለት።

ልጃቸው ግን ነገሩን እንዲያ አላየውም። ጋሼ ዓመቱን ሙሉ ቀረጻ ላይ ናቸው። የልደት ቀን ቀረጻ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ ቀረጻ፣ ልጁ እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል ሲገባ ቀረጻ። ሲያድግ ራቅ ያለ ከተማ ሥራ ያዘና ቀረ። አባትህ ምን ይሠራል ሲሉት «ሰው ያዛል» ነበር መልሱ። የአባቱን አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው አላየም። አላይም ብሎ እኮ ነው፣ ጠፍቶት አይደለም።

ሳንባቸው ታሞ ቤት ከዋሉ በኋላ ጋሼን ልንጠይቅ ሄድን። ብርቱካን እንዳይገዛ አስምዬዋለሁ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ተቀምጠዋል። ቀባሪውን ሲያዩ ሳቁ።

«የኔን ጀመርከው?»

«ኧረ ጋሼ! ምን ሆነው ነው?»

«አትሽኮርመም። እኔ ያሳደግኩህ ሰው ፊት ምን ያሽኮረምምሃል? ለሌላው ሳይሞት ታደርስለት የለም?» አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ስማኝ። እኔ ዕድሜዬን ከካሜራ ኋላ ነው የጨረስኩት። ፊቴን የሚያውቅ የለም፣ ግድም የለኝም። ልጄ ግን አባቱ የት እንደዋለ አያውቅም። ስሞት ይመጣል መቼስ። የዚያን ማታ ቁጭ ብሎ፣ እኔ ቤት ያልነበርኩ ጊዜ ምን ስሠራ እንደነበር ይየው። ሌላ አልለምንህም።»

«እሺ ጋሼ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ በስልክም በአካልም አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። ደረሰ ወይ? እሱም «እየሠራሁት ነው» ይላል። እኔም እየሠራው መስሎኛል፤ ለዚህ ሰው ካልሠራ ለማን ሊሠራ ነው! አንድ እሁድ፣ ጋሼ በጣም ደክመው አልጋ ላይ ሆነው፣ እንደገና ጠየቁት። እትዬ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ጋ ነኝ።

«አልቋል ጋሼ» አለ።

«እውነት?»

«አልቋል። በጣም ያምራል።»

«ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«ሰባት።»

«ከሁሉም እናት መታሰቢያ ይበልጣል?»

«በሁለት ደቂቃ።»

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። እትዬ ውሃ አቀበሏቸው። «በምን ይጀምራል?» አሉ፣ ውሃውን ሳይጨርሱ።

በዝናቡ ነው የሚጀምረው አለ ቀባሪው። ያቺ ልጅ በዝናብ ደብዳቤውን ስትቀድ፣ እርስዎ ጃንጥላ የለም፣ እኔም ከእሷ ጋር እረጥባለሁ ብለው ካሜራው አጠገብ የቆሙበት። ከዚያ ወደ ዳኛው ይሄዳል፤ ፍርዱን ከማንበቡ በፊት መነጽሩን የሚያወልቅበት። ከዚያ ድምፅ የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ በሩ ብቻ ይዘጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱን ከአንዱ እያያያዘ ተረከላቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። «ዳኛውን አሳጥረው፣ ይንዛዛል» አሉ በመሀል። «አሳጥሬዋለሁ» አለ። እትዬ በአንድ እጃቸው የባላቸውን እግር እያሻሹ በሌላው እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ልዋሽ፣ ስቅስቅ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን ቆምኩ። ሰባቱም ደቂቃ ያለቀ መታሰቢያ ድምፅ የለውም እንዴ?

«አንተ። እኔ መቼ አነበብኩት?»

ደረጃውን መውረድ ቀጠለ።

«እኔ ሳላነበው እንዴት አለቀ? እኮ ንገረኛ!»

«አልሠራሁትም» አለኝ።

«ምን?»

«አልጀመርኩትም። ፋይሉን ከፍቼ ዝናቡን አስገባለሁ፤ ከዚያ እጄ ይሞታል፤ ደምስሼ እዘጋዋለሁ። የምጨርስለት ሰው ሁሉ ይሞታል። አንቺም አይተሻል። ካልጨረስኩት ይቆያሉ።»

«አንተ እግዜር ነህ? ማነኝ ብለህ ነው!» ጮህኩበት፤ የጎረቤት በር ተከፍቶ ሴትዮ አየችን። «ታዲያ አልቋል ያልከው ለምንድን ነው?»

«አመለጠኝ። እንዲህ ሲያዩኝ... አመለጠኝ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሺ አመለጠህ፣ አሁን ሂድና ሥራው፣ ዛሬውኑ ሥራው አልኩት። ሰኞ አለኝ። ሰኞ መጣ፣ ሌላ ሥራ አለብኝ አለ። በሚቀጥለው ሰኞ ራሱን አመመው። ከፊቱ ቆሜ ፋይሉን አስከፈትኩት፤ ዝናቡን አየ፣ ልጅቷ ደብዳቤውን ቀደደች፣ ከዚያ ደምስሶ ዘጋውና «ዛሬ ሻል ብሏቸዋል፣ እትዬ ነግረውኛል» አለ። እውነትም ሻል ብሏቸው ነበር። ይሄን ሲያይ ጭራሽ እምነቱ ጠና። እኔስ ምን አልኩ? ተናግሬ ተናግሬ ሲታክተኝ ተውኩት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋሼ አርብ ከምሳ በኋላ ሞቱ።

ስልኩን ያነሳው ቀባሪው ነው። የእትዬ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል፤ አያለቅሱም። «ጋሼህ ሄደ» አሉት። «ልጄም ትናንት ደርሷል፣ ተገናኝተዋል። ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ለማታ ጠርቻለሁ። ጋሼህ ነው እንዲህ አድርጊ ያለኝ፤ ቴሌቪዥኑን ከፍታችሁ ተቀመጡ፣ የኔ ልጅ አዘጋጅቶታል ብሎኛል። በርታ ልጄ፣ አንተም አታልቅስ።»

አላለቀሰም። ስልኩን አስቀምጦ ወደ መጋዘኑ ሮጠ። አርብ ከሰዓት መጋዘን ጠባቂ ይገኛል? ታሞ የተኛ ወንድሙን ሊያይ ሄዷል፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው። ቁልፉ እስኪመጣ መሸ። ካሴቶቹን በእቅፋችን ተሸክመን ስንመጣ ማሽኑ አልሞቀም። ሲሞቅ ደግሞ የመጀመሪያውን ካሴት ጎርሶ ቀረ። ቀባሪው እጁን ማሽኑ ውስጥ ከቶ ሪባኑን እንደ አንጀት ጎትቶ አወጣው። የቀረችን የሽልማት ቀን የተነሳች አንዲት ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷም ላይ ጋሼ ጠርዝ ላይ ቆመው ተዋናዩ እጁን ሲያነሳ ግማሽ ፊታቸውን ጋርዷቸዋል።

ኃላፊያችን መጣ። እሱን «መቀስ» ነው የምንለው፤ የማይቆርጠው ፕሮግራም የለም፣ ለገዛ እናቱ ሞት አንድ ደቂቃ ሰጠ ብለን እናማዋለን። ያን ዕለት ግን ክራቫቱን አላልቶ በራችን ላይ ቆመ።

«ለጋሼ አሥር ደቂቃ ክፍት አድርጌያለሁ» አለ። «እንደ ልብህ ሂድ፣ ዛሬ አልቆርጥም። አምጣው።»

ቀባሪው ፎቶዋን አሳየው።

መቀስ ፎቶዋን አየ። ካሴቶቹን አየ። እኔን አየኝ። «ይሄ ብቻ?» አለ ቀስ ብሎ። «በል እንግዲህ ይሄንኑ ስጠኝ» ብሎ ወሰዳት።

እኔ አነበብኩ። ከግማሽ ደቂቃ የማትበልጥ፣ መቼ ተወለዱ፣ መቼ ሞቱ፣ ስንት ድራማ ሠሩ። ድምፄ እንዳይሰበር ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀብሬ አነበብኩ። ፎቶዋ ታየች፣ የተዋናዩ ክንድ ከእነ ሙሉ እጅጌው በስክሪኑ መሀል፤ ከዚያ ጠፋች። የቀረውን ደቂቃ የሳሙና ማስታወቂያ ሞላው።

በማግስቱ ጠዋት ለቅሶ ቤት ሄድን። ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ ሰው ሞልቷል። ቀባሪው ሌሊቱን አልተኛም፣ ፊቱ አመድ መስሏል። በሩ ላይ ሲታይ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው ሁሉ ብድግ አለለት። አንድ ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ፣ የሠራኸውን እንደቆረጡብህ ሰምተናል» አሉት። የእትዬ እህት አንገቱን አቅፋ «ጨካኞች! ሰባቱን ደቂቃ ሙሉ ወሰዱት?» አለች። እኔ የሱን ክንድ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ቤቱ በሙሉ ማታ ቁጭ ብሎ ጠብቋል። ሳሙናው ሲመጣ «ቆረጡት» ብለው ደመደሙ። ሌላ ነገር ማን ያስባል? ጋሼ ራሳቸው አልቋል ብለው ነግረዋቸው የለ?

እትዬን ፈልጎ ጓዳ ድረስ ገባ። ተከተልኩት። ብርጭቆ እያለቃለቁ ነበር፤ ለቅሶ ቤት የሚያለቀልቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ እጃቸው ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ጉልበታቸውን ያዘ።

«እትዬ፣ ማንም አልቆረጠውም።»

«ተነስ። ምን ማለትህ ነው?»

«የሚቆረጥ አልነበረም። አልሠራሁትም።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ሰባት ደቂቃ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ዝናቡ አለበት አላልክም? ዳኛው አለበት?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ከየት አምጥተህ ነው የነገርከን?»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ሁሉም ነበር። ከጨረስኩት የሚሞቱ መሰለኝ እትዬ። አፈር ስሆን፣ ይቅር ይበሉኝ። ላቆያቸው ብዬ ነው።»

«ሞተ እኮ ልጄ» አሉ። «ሳትሠራውም ሞተ።»

ብሞት ይሻለኝ ነበር አለኝ በኋላ፤ ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ወደ ሳሎኑ ጆሮአቸውን ጣሉ። የልጃቸው ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ በላይ ይሰማል።

«ዕድሜውን ሙሉ ለእነዚህ ሰዎች ሠርቶ!» ይላል። «እኛ ቤት ሳይኖር ለእነሱ ኖሮ! ሰባት ደቂቃ ይበዛበት ነበር? አባቴ እኮ ነው! አባቴ እኮ ተራ ሰው አይደለም!»

«ትሰማዋለህ?» አሉ እትዬ። «ይሄ ልጅ አባቴ ብሎ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው ነበር የሚለው። ማታ ያቺን ፎቶ ሲያይ ተነስቶ ቆመ፣ ቴሌቪዥኑን ሊሰብረው ነበር፣ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቱ ተቆጣ። አሁን ገብተህ አልሠራሁትም ብትለው ምን ይላል? ቤቱን ትቶ ያሳደገው ልጅ እንኳ ረሳው ይላል። አትንገረው።»

«መቀስ ግን ምንም አላደረገም እትዬ። አሥር ደቂቃ ይዞላቸው ነበር።»

«እሱም ይቻለው። እኔም ችያለሁ» አሉና ብርጭቆውን መልሰው አነሱ። «አንተማ ትችለዋለህ።»

ወደ ሳሎኑ ተመልሰን አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔ መቼም አፌ ስለት አይፈራም፤ ለሹሙም ለሚስቱም የምለው አላጣም። ያን ቀን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ የሻይ ብርጭቆዬን አቅፌ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ መቀስ ታየ። ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ከጋሼ በፊት የሞቱትን ተዋናዮች ለቅሶ ሲደርስ አይተነው አናውቅም፤ ለጋሼ መጣ። ሳሎኑ ጸጥ አለ።

አንድ የጣቢያችን ሰው «መቀስ መጣ» ብሎ ሲያንሾካሹክ የጋሼ ልጅ ተነሳ። «አንተ ነህ መቀሱ?»

መቀስ ግራ ገባው። «ነፍስ ይማር። እኔ...»

«ነፍስ ይማር አትበለኝ! ስንት ደቂቃ አተረፍክ? ያባቴን ዕድሜ ቆርጠህ ሳሙና ሸጥክበት! ስንት ሸጥክ?»

መቀስ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ሰዉን ሁሉ ዞሮ ቀባሪው ላይ ቆመ። ሁሉም ነገር በዚያ ቅጽበት ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። አንድ ቃል ቢናገር ነጻ ነው። ቀባሪውም አወቀ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ።

«ወንድሜ፣ እሱን ተወው፣ እሱ አይደለም—»

«ተቀመጥ» አሉ እትዬ ከጓዳው በር። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

ቆሞ ቀረ። እሳቸውን አየ፣ መቀስን አየ። መቀስ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ፣ አንገቱን ደፋ። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለና ደረጃውን መውረድ ጀመረ። እርምጃው እስኪጠፋ ድረስ ሰማነው።

ቀባሪው ተቀመጠ። የጋሼ ልጅ እያለከለከ መጣና አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳበ፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«አንተ ምን ታደርግ?» አለው። «የድርሻህን ሠርተሃል። ለእኔ ግን ንገረኝ፤ ሰባቱ ደቂቃ ውስጥ ምን ነበር? በምን ነው የሚጀምረው?»